ሜዳው የሞጣ፣ ቤቱ የአባቴ

ቢቸና አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ትምህርቴን ከጨረስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው። በጋ ከሆነና የጭነት መኪና ከተገኘ፣ ከአንዱ ከተማ ጠዋት የተነሣ ሰው ማታ ሌላው ላይ ይደርሳል። በኳስ ነገር ግን ቢቸናና ሞጣ የተለያዩ አገሮች ነበሩ። ሁለቱም የአውራጃ ከተማ ናቸው፤ ሁለቱም ደብረ ማርቆስ ሄደው የጠቅላይ ግዛቱን ውድድር መጫወት ይፈልጋሉ፤ የሚሄደው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ቡድኖች አንድ ጊዜ ቢቸና፣ አንድ ጊዜ ሞጣ ይጋጠማሉ። በሁለቱ ጨዋታ ድምር ብዙ ጎል ያገባው ያልፋል።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ኳስ ግድ አይሰጠኝም ነበር። የስፖርት አስተማሪያችን ግን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ፊሽካው ከአንገቱ የማይወርድ፣ ቀልጠፍ ያለ ሰው ነው። ቁጭ ብለን ደብተር ስናርም ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ሜዳ ይሥልና፣ "በራስ ሜዳ መጫወት ማለት አንድ ተጫዋች ጨምሮ መግባት ማለት ነው" ይለናል። "የኛ ሜዳ ወደ ታችኛው ጎል ያዘቀዝቃል። ልጆቻችን ይህን በእግራቸው ያውቁታል። እንግዳው እስኪገባው ድረስ እኛ ጨርሰናል።"

"የሞጣ ሜዳስ?" አልኩት አንድ ቀን።

"የሞጣ ችግሩ ሜዳው አይደለም፤ ሰዉ ነው። የሞጣ ሰው አፉ..." ብሎ ከጀመረ በኋላ የሞጣ ልጅ መሆኔ ትዝ አለውና ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ አዞረው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቢቸና ነበር። ሴት ተማሪዎችን ይዤ ከሜዳው ዳር ቆምኩ። ገበያተኛው፣ ጸሐፊው፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም ወጥቷል። ሕዝቡ መስመሩን ረግጦ ከመቆሙ የተነሣ የማዕዘን ምት የሚመታው ልጅ መንደርደሪያ የሚያገኘው ሰው ገፍቶ ነው። የሞጣውን በረኛ ሳየው ክው አልኩ። የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነው። በሕፃንነቱ አዝዬዋለሁ፤ በነሱ ዒድ ከቤታቸው ሰሐን ሙሉ ጣፋጭ ይዞልን የሚመጣው እሱ ነበር። አሁን ሰውነቱ ጎሉን ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ከጎሉ ጀርባ የተኮለኮሉት የቢቸና ልጆች አላስቀምጥ አሉት። አንዱ፣ "በረኛው! ሱሪህ ወለቀ!" ብሎ ጮኸ። ምስኪኑ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ሲያይ ኳሷ ባጠገቡ አለፈች። የስፖርት አስተማሪያችን ዞር ብሎ በኩራት ተመለከተኝ። ቁልቁለቱ ደግሞ ሁለተኛውን ጎል አመጣ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሞጣ አንድ አገባች። እኔም "ገባ!" ብዬ ሁለት እጆቼን ወደ ላይ ዘርግቼ ዘለልኩ። መሬት ስነካ ሜዳው ጸጥ ብሏል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የዘለልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዷ ተማሪዬ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ፣ "ቲቸር፣ የነሱ ነው እኮ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ሰኞ ጠዋት ዲሬክተሩ አስጠሩኝ። ተግሣጽ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

"ባለፈው ዓመት ልጆቻችን ሞጣ የት እንዳደሩ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ ጌታዬ።"

"በረንዳ ላይ። ጎረምሳው ሁሉ ቆርቆሮ ሲደበድብባቸው አድሮ፣ በማግሥቱ ቆመው እያንቀላፉ ተሸነፉ። አባትሽ ሰፊ ግቢ አላቸው ሲባል ሰምቻለሁ።" ከዚያም ፈገግ ብለው፣ "ቅዳሜ ለታ ያሳየሽንን ጉልበት ለኛ ታውይልናለሽ" አሉኝ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሞጣ ውስጥ የሚቀድሰውም የሚዘምረውም ከሞላ ጎደል እሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ያለፈ ነው። ከተማው በሙሉ "የኔታ" ይላቸዋል። ወደ ሞጣ በሚሄድ ነጋዴ እጅ፣ "እንግዶች ይዤ እመጣለሁ" ብዬ ላክሁባቸው። ምን ዓይነት እንግዶች እንደሆኑ አላብራራሁም።

ዓርብ ዕለት የጤፍ ጆንያ በጫነች ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ተነሣን። ልጆቹ ደብረ ወርቅ እስክንደርስ እየዘፈኑ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተገላበጠ። እኔ የማውቀው ዛፍና መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ደስ እያለኝ ስሄድ፣ እነሱ ጭጭ እያሉ መጡ። አምበሉ ጆንያው ላይ ተጠግቶኝ፣ "ቲቸር፣ አባትዎ ይቆጡ ይሆን?" አለኝ።

አባቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። አቧራ የለበሱትን ልጆች ተራ በተራ አዩና፣ "እነዚህ ናቸው እንግዶቹ?" አሉኝ።

"አዎ አባባ። ነገ ከሞጣ ልጆች ጋር ኳስ ሊጋጠሙ ነው።"

"እሱ የነገ ጉዳይ ነው። ግቡ ልጆቼ! ግቡ! ግቡ!"

እናቴ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተረታችም። ወገቧን ይዛ፣ "ልጃችንን ሱሪህ ወለቀ ብላችሁ ያታለላችሁት እናንተ ናችሁ?" አለቻቸው። ልጆቹ መሬት መሬት አዩ። "እሺ፣ ቁጭ በሉ። የራበው ሰው አይወቀስም" አለችና ማቅረብ ጀመረች። የፍስክ ጊዜ ስለነበር ዓርብ መሆኑ አላገዳትም። ዶሮው መጣ፤ እርጎው መጣ፤ ዶሮው እንደገና መጣ። የስፖርት አስተማሪው ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

"እማማ፣ ነገ መሮጥ አለባቸው እኮ" አላት በመጨረሻ።

"ሳይበሉ ነው የሚሮጡት?" ብላ የጠቀለለችውን ጉርሻ እሱው አፍ ውስጥ ከተተችው።

ፀሐይ ስትጠልቅ የሞጣ ጎረምሶች ቆርቆሯቸውን ይዘው መጡ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ሲያዩዋቸው ቆርቆሮውን ጋቢያቸው ሥር ወሸቁና አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ጉልበታቸውን ሳሙ። ጎንበስ ባሉ ቁጥር ከጋቢው ሥር ኳ ይላል።

"ምንድን ነው የሚንኳኳው?" አሉ አባቴ።

ተያዩ። አንዱ፣ "ውሃ ልንቀዳ ነው፣ የኔታ" አለ።

"ተባረኩ! የእንግዶቹ እግር መታጠቢያ አልቆብን ነበር። ለኛም ይዛችሁልን ኑ።"

እነዚያ ሊያውኩን የመጡ ጎረምሶች ምንጭ ወርደው፣ በየቆርቆሯቸው ውሃ ሞልተው አመጡልን። የኛ ልጆች ከውስጥ ሆነው አፋቸውን በነጠላ አፍነው ይስቃሉ። ያን ሌሊት ሁሉም ጥሩ እንቅልፍ ተኙ።

በማግሥቱ ወደ ሜዳ ልንሄድ ስንል አባቴ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ጭራቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

"የት ነው፣ አባባ?"

"እንግዳዬን አደባባይ ጥዬ እኔ ቤቴ አልቀመጥም።"

ኳስ ሜዳ ረግጠው አያውቁም። ተማሪዎቻቸው ወንበር ተሸክመው ተከተሉና ከኛ ተጠባባቂዎች አጠገብ አስቀመጧቸው። ያኔ የሞጣ ሰው የገባበትን ጭንቅ ማየት ነበር። ለሳምንት የተዘጋጀ ስድብ አለው፤ የሚሰደቡት ልጆች አጠገብ ግን የኔታ ተቀምጠዋል። በድምፁ የታወቀ አንድ ሥጋ ሻጭ አንዱ አጥቂያችን ባጠገቡ ሲያልፍ፣ "አንተ የ..." ብሎ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ከአባቴ ጋር ተጋጨ። "...አንተ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ!" ብሎ ጨረሰ። ጓደኞቹ መሬት ላይ ወድቀው ሳቁ።

ያም ሆኖ ሞጣዎች ጠንካራ ነበሩ። ከዕረፍት በፊት አገቡብን። ሌላ አንድ ካገቡ እነሱ ያልፋሉ። ሕዝቡ አበደ፤ አባቴ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቁመው ወደ እኔ ዞሩ።

"አሁን የተደሰቱት የትኞቹ ናቸው?"

"የኛ ናቸው" አልኩ። ወዲያው፣ "ማለቴ፣ ሞጣዎች" አልኩ።

ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "እኛስ ዛሬ የትኞቹ ነን?" አሉኝ። በረኛው የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ አጥቂው በየቀኑ የማስተምረው ልጅ። ኳሷ ወደ አንዱ በሄደች ቁጥር ለሌላው ሆዴ ይባባል። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ቀብሬ ማየቱን ቀጠልኩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ አምበላችን ከሩቅ መታ። አስቸጋሪ ኳስ አልነበረችም፤ በረኛው ሊይዛት ተንበርክኮ ይጠብቃል። ጎሉ አፍ ላይ ካለች ጉብታ ነጥራ በትከሻው ላይ ዘለለችና ገባች።

አልዘለልኩም። ማንም አልዘለለም። ከልጆቻችን ጩኸት በቀር ሞጣ ጸጥ አለች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አባቴ፣ እንግዶቻቸው ጥሩ ነገር እንደሠሩ ስለገባቸው፣ ቀስ ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። መምህራቸው እያጨበጨቡ ዝም ማለት ነውር ነውና ተማሪዎቻቸው ተከተሉ። ከዚያ ካህናቱ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ በመጨረሻ ሥጋ ሻጩም ፊቱን አጨማዶ አጨበጨበ። ሞጣ ራሷን ላስወጣት ጎል አጨበጨበች። የስፖርት አስተማሪያችን ፊሽካውን እንደ ነከሰ ደርቆ ቀረ።

ስንወጣ ሥጋ ሻጩ መንገድ ላይ ጠብቆ አባቴን እጅ ነሣና፣ "የኔታ፣ ትናንት እርስዎ ግቡ አሏቸው፤ ዛሬ እነሱ አገቡብን" አላቸው። አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። ይህችን ቃል ለተማሪዎቻቸው ሲደግሙ ሰነበቱ አሉ።

በረኛው ጎሉ አፍ ላይ ተቀምጦ ቀርቶ ነበር። ከሴቶች ጋር ሆና ከሩቅ ስታይ የነበረችው እናቴ ሄዳ እጁን ይዛ አስነሣችው። "ና፣ ቤት እንሂድ" ብቻ ነው ያለችው። ከኛ ልጆች መካከል አስቀመጠችው፤ የኛን ሥጋ ስለማይበላ ዳቦና ማር፣ አንድ ዋንጫ ወተትም አቀረበችለት። ኋላ አምበላችን፣ "ጉብታዋን አታውቃትም ነበር እንዴ?" አለው።

"ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቃት" አለ በረኛው። "ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነበር የምታነጥረው።"

አምበሉ ሳቁን ለመዋጥ ሞከረ፤ አልቻለም። በረኛውም ወተቱ ትን እስኪለው ሳቀ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ክፉኛ ተሸነፍን። ማንንም አናውቅም፤ ማንም አያውቀንም። እናቴ ወሬውን ስትሰማ፣ "የሚያበላቸው ሰው አጥተው ነው" አለች። ከዚህ ሐሳቧ ያነቃነቃት የለም።

በዓመቱ ሞጣዎች ወደ ቢቸና በተራቸው ሲመጡ እናቴ፣ "ልጆቹን በረንዳ ላይ እንዳታሳድሪያቸው" ብላ ላከችብኝ። የተከራየኋት ቤት ሁለት ክፍል ናት። አከራዬ፣ ቢቸናን አትንኩብኝ የሚሉ ባልቴት፣ "በዚህ በር የሞጣ ቡድን አይገባም!" ብለው ማሉ። በረኛው ግን አቧራውን እንደ ለበሰ ጎንበስ ብሎ፣ "እንደምን ዋሉ፣ እማማ?" አላቸው። አፍጥጠው አዩት። "ምሳ በልተሃል?" አሉት።

ያን ዓመት ሞጣ አሸነፈች። ዲሬክተሩ ሁለት ቀን ሰላምታ ነፈጉኝ። እሑድ ጠዋት የመኪናው ጥሩምባ ሲጮህ አከራዬ ለመንገዳቸው የቋጠሩትን በሶ አንጠልጥለው፣ "ቁሙ! ቁሙ!" እያሉ ከኋላ ሲሮጡ አየኋቸው።