ሁለቱ የዑስማን ጋኖች

ትእዛዙ የመጣው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያመጣው አዛዥ ሳይሆን አትክልተኛ ነው። ዓሚ ዑስማን የግቢውን በር በጡጫ እየደበደበ «ያላ፣ ሐበሻ! እሳቱ ወደኛ ዞሯል!» አለ።

እናንተ ልጆች የጦር ሜዳ ትዝታ አጫውተን ስትሉኝ ስለ መድፍና ስለ ታንክ የምነግራችሁ ይመስላችኋል። በወጣትነቴ ስድስት ዓመት ወታደር ነበርኩ፤ ሃምሳ አለቃ ሆኜ ተሰናበትኩ። እሱን ሌላ ቀን እናወራለን። የዛሬው የ2008 ዓ.ም. ሰኔ ነው፤ ቦታው ካርቱም፣ አል-ማንሺያ፣ ዓባይ ዳር። ጠላታችን ሙቀትና ጭስ ነበር። በዚያ ግንባር ላይ አንድ ሰው ከመግደል ለጥቂት ተርፌአለሁ፤ የገዛ ጓዴን።

ያኔ የቪላ ዘበኛ ነበርኩ። አየለም የጎረቤቱ ቪላ ዘበኛ ነው፤ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያልፈው ተረበኛ። እት ሙሉ እኔ በምጠብቀው ቤት ትሠራለች፤ ካርቱም ሃያ ዓመት ኖራለች። «ዓሚ»፣ ማለትም አጎቴ፣ የምንለው ዑስማን ደግሞ ከቪላዎቹ በታች ያለውን የሎሚና የማንጎ ቦታ የሚንከባከብ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሱዳናዊ ነው። ከእኛ ጋር ብዙ ዘመን ስለኖረ አማርኛ ይሰማል፤ ሲፈልግም ይናገራል።

ከአትክልቱ እስከ ወንዙ ያለው ሣርና ሸንበቆ ደርቆ ነበርና እሳት ገብቶበት ሦስት ቀን ጨሰ። መስኮት ስንዘጋ በሙቀት እንቀቀላለን፤ ስንከፍት በጭስ እንታፈናለን። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ስለሆነ የውሃው ሞተርም ቆሟል። በዚያ ላይ ወሩ ረመዳን ነው። ዑስማን ጎህ ሳይቀድ የጠጣው ውሃ እስከ ምሽት ሊያቆየው ነው።

ሰባት ዘበኞች ወጣን። ዑስማን ስምንተኛ ሆነ። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ይመጣል። እሳቱ አትክልቱን ካለፈ በዳር ያሉት የሠራተኞች የሣር ዳሶች አይተርፉም። ምሽግ መቆፈር የማውቀው ሥራ ነውና ቦታውን መረጥኩ። ሣሩን አጨድን። መሬቱን በአካፋ ገለበጥን። አመዱ አፍንጫችንን ደፈነው። አራት ሰዓት ላይ ነበልባሉ ደረሰብን፤ በእርጥብ ጆንያ መታነው። ሁለት ጊዜ አፈገፈግን፤ ሁለት ጊዜ ተመለስን። በየመሀሉ እኛ ከላስቲክ ጠርሙስ እንጎነጫለን። ዑስማን ፊቱን ያዞራል።

አየለ አላስቻለውም። «ዓሚ ዑስማን፣ ትንሽ ቅመስ፤ አላህ ዛሬ በጭሱ አያይህም።»

ሽማግሌው ሳቀና «እኔ አየዋለሁ» አለ። ጆንያውንም መልሶ አነሣ። ብዙ ጎበዝ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ዑስማን ያለ ግን አላየሁም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እሳቱ ከቆፈርነው መስመር ደርሶ ሞተ። ጭሱ ግን እዚያው ተኛ። ዑስማን ተጣጥቦ ሊሰግድ ሄደ፤ እኛም ወደየቤታችን ዞርን። አየለ መንገድ ላይ መንገዳገድ ጀመረ። ቆዳው ደርቋል፤ ላብ የሚባል የለውም፤ እንደ ምጣድ ይፋጃል። «ሃምሳ አለቃ፣ በጎቹን ማን አስገባቸው?» አለኝ። ካርቱም ውስጥ ምን በግ አለው!

«ምች ነው!» አልኩ። እንዲህ ስል የሐኪም ያህል እርግጠኛ ነበርኩ። ያደግነው በዚህ ነው፤ ፀሐይ የመታውን ሰው ነፋስ እንዳይነካው ሸፍነህ ታላብሰዋለህ። ወደ ክፍሌ አስገባሁት። በሩንና መስኮቱን ጠረቀምኩ። ጋቢዬን ደረብኩበት፤ ብርድ ልብስ ጨመርኩ። እት ሙሉ ከአገር የተላከላት ደረቅ ዳማከሴ ነበራት።

«አፍይው» አልኳት። «በእንፋሎቱ እናጥነዋለን።»

«ጋሼ፣ እንዲህ እየነደደ?»

«ላብ ይውጣው እንጂ!»

አዛዥ ነኛ። ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ተፈጸመ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ላይ የፈላ ድስት አስጠጋሁበትና ራሱን ሸፈንኩት። ትንሽ ቆይቶ መቀባጠሩን ተወ። እኔ ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። እጁን ሳነሣው ግን ዘፍ ብሎ ወደቀ። ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጧል። እት ሙሉ እየጮኸች ወደ አትክልቱ ሮጠች።

ዑስማን የገባው በሩን በትከሻው ገፍቶ ነው። ያየውን ማመን አልቻለም። ጋቢውን መንጭቆ ጣለና እኔን «ሰውየው ተቃጥሏል፤ አንተ ታበስለዋለህ?» አለኝ። በአማርኛ ነው ያለኝ፤ እንዳይጠፋኝ። እግሩን እኔ፣ ትከሻውን እሱ ይዘን ወደ አትክልቱ በር አወጣነው።

እዚያ ጥላ ሥር ሁለት የሸክላ ጋኖች ነበሩት። ሱዳኖች ዚር ይሏቸዋል። ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመጡ ናቸው፤ በረመዳን ደግሞ ምሽት ላይ በመንገዱ ዳር ምንጣፍ አንጥፎ መንገደኛውን ሁሉ የሚያስፈጥረው በእነሱ ውሃ ነው። ቧንቧው ደርቋል። በሰፈሩ የቀረ ቀዝቃዛ ውሃ ያ ብቻ ነው። ዑስማን የአየለን ልብስ ገፈፈና በጣሳ እየቀዳ ከራሱ እስከ እግሩ አፈሰሰበት። እኔን በካርቶን አራግብ አለኝ። የሽማግሌው ከንፈር ተሰነጣጥቆ ደም ይታይበታል። ውሃው በጣቶቹ መሀል ይወርዳል፤ አንዲት ጠብታ ወደ አፉ አላስጠጋም። አንደኛው ጋን አለቀ። ሁለተኛውን ጀመረ።

«አንተስ ማታ ምን ልትጠጣ ነው?» አልኩት።

«አላህ ከሪም። አራግብ!»

ሁለተኛው ጋን ሊያልቅ ሲል አየለ አቃሰተ። ቀጥሎ ሰደበኝ። ስድብ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። የመንገድ ሚኒባስ አስቁመን ሐኪም ቤት አደረስነው። ሐኪሙ «በውሃ ያቀዘቀዘው ሰው አትርፎታል» አለ። የሸፈነው ማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ጀምበር ስትጠልቅ ዑስማን ምንጣፉን እንደ ልማዱ አነጠፈ። ጾሙን የፈታው በቴምርና እኔ ከወንዝ ቀድቼ በነጠላ ባጠለልኩት ለብ ያለ ውሃ ነው። ጠጥቶም አመሰገነኝ። አፈርኩ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አየለ ግን ከዳማከሴው በኋላ የሆነውን አያስታውስም። ድኖ ሲወጣ «ሃምሳ አለቃ በዳማከሴ ከሞት አፍ አወጣኝ» ብሎ ማውራት ጀመረ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በማኅበር፣ ባገኘው ቦታ ሁሉ። እኔም አላረምኩትም። እት ሙሉ ታየኝና አንገቷን ትደፋለች። ዑስማንም በፊቱ ሲወራ ይሰማል፤ አማርኛ እየገባው «ታማም፣ ታማም፤ ጥሩ ነው» ብሎ ጣሳውን ያቀብለዋል። አንድ ቀን እንኳ አላጋለጠኝም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዑስማን ሞተ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ፋትሓ የሚሉትን የቁርኣን ጸሎት ይቀራል፤ እኛም ዳር ተቀምጠናል። አየለ አጠገቡ ላለ እንግዳ «እኔም በአንድ ወቅት ሞቼ ነበር፣ ይኼ ሃምሳ አለቃ…» ብሎ ጀመረ። ብድግ አልኩ። ለአየለ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጋቢውን፣ ድስቱን፣ ሁለቱን ጋኖች።

አየለ «እጁን እንኳ ሳልስም» አለ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ተጣላኝ ብዬ ስከተለው አትክልቱ በር ላይ አገኘሁት። ጋኖቹ ባለቤታቸው ከታመመ ጀምሮ ደርቀዋል። አንደኛውን ዘቅዝቆ ያጥባል። ቀና ሳይል «ሌላኛውን ያዝ» አለኝ። ከካርቱም እስክንወጣ ድረስ በየጠዋቱ አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ ሞላን።

በወታደርነቴ ዘመን የሞቱብኝን ስቆጥር ጣቶቼ አይበቁኝም። ከዓባይ ዳሩ ግንባር የጎደለብን ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም በእርጅና፣ በአልጋው ላይ። ስሙን ስጠራ አሁንም ተነሥቼ እቆማለሁ።