የኩርፊያ ቆብ

ይመኙሻል መመንኮስ እንደምትፈልግ ስትነግራት ዘሊካ አልደነገጠችም፤ ሳቀች እንጂ። ሁለቱ በተሰደዱበት ከተማ ዳር፣ ሶባ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ አንዷ የወሎ ሙስሊም፣ አንዷ የጎጃም ክርስቲያን።

«ወላሂ አንቺስ ጉድ ነሽ! እኔ ባሌን ሳኮርፍ እናቴ ቤት ነበር የምሄደው። አንቺ አሠሪሽን አኩርፈሽ እግዜር ቤት?»

ቀልድ ነበር፤ ግን እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ፤ እውነት ይመስላላ። ይመኙሻል ሪያድ በሚባለው የከተማዋ የሀብታሞች ሰፈር፣ ሓጃ ዛሂራ ቤት ለዓመታት በሠራተኝነት ኖራለች። ባለፈው ሁዳዴ እንግዳ ተጠርቶ፣ ጾመኛ ናትና የሥጋውን ወጥ ሳትቀምስ ጨው ደገመችበት። ሓጃ በእንግዶቹ ፊት «ውጪልኝ!» አሉ። ወጣች፤ ዘሊካ ጋርም ገባች። የምንኩስናን ነገር አፍ አውጥታ የተናገረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

የንስሐ አባቷም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገዳም የተከፋ ሰው መሸሸጊያ አይደለም፣ ልጄ። መጀመሪያ ሂጂና ታረቂ። ከዚያም ልብሽ ካልተመለሰ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ መሐል ከተማው ገበያ ሱቅ ዐረቢ ወርዳ ሌላ ሚኒባስ ያዘችና ወደ ሪያድ ሄደች። የፈራችው ስድብ አልነበረም። ሓጃ «ተመለሺ» ቢሏት ደስ እንዳይላት ነው የፈራችው። ደስ ካላት ነገሩ ሁሉ ኩርፊያ ነበር ማለት ነው።

ሓጃ ዛሂራ በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ አቅፈዋትም አለቀሱ።

«ካንቺ ወዲያ የገቡት ሁሉ ሰነፎች! ያላ፣ ግቢ። ከእንግዲህ ደረጃ ሥር አትተኚም። ያገባችውን ልጄን ክፍል ውሰጂ፤ መስኮት አለው፣ ማቀዝቀዣው፣ መከይፉም ጥርስ ያንቀጫቅጫል።»

ጎትተው አስገቧት። ይመኙሻል ሰፊውን አልጋ አየች፣ ቀዝቃዛው አየር ፊቷን ዳሰሳት። በላብ ተጠምቃ ባደረችባቸው ሌሊቶች ሁሉ የተመኘችው ክፍል ነው። ልቧ ደስ ይለው እንደሆነ ጠበቀች፤ አልተነቃነቀም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሓጃ። ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ። ግን ለሥራ አልመለስም።»

«ጨዉን ተይው! የት ልትሄጂ ነው ታዲያ?»

«ልመነኩስ።»

ሓጃ ደረታቸውን ያዙ። «ምነው፣ ባል ጠፍቶ ነው? ወይስ በሽታ አለብሽ?»

«የለብኝም። እዚህ ሳለሁ ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት እቆማለሁ። እርስዎ ‹ሻይ!› ሲሉ አቋርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚናፍቀኝ ያ ያቋረጥኩት ነው። እሱን ልጨርስ ብዬ ነው።»

ሓጃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ሱብሂን ሰግጄ ስጨርስ ነበር ሻይ የምለው» አሉ። «ያንቺ አለማለቁን መች አወቅሁ?»

የዚያን ቀን ሻዩን ያፈሉት ሓጃ ናቸው። ስኳሩ በዝቶ ነበር፤ ይመኙሻል ምንም ሳትል ጠጣች።

የንስሐ አባቷ ወሬውን ሲሰሙ ሳቅ አመለጣቸው። «ገዳም ውስጥስ እህል ፍጪ፣ ውኃ ቅጂ ብላ ከጸሎት የምታስነሣሽ እመ ምኔት የለችም መሰለሽ?»

«ትኑር፣ አባቴ» አለች ይመኙሻል፤ እሷም ሳቀች። ከሁዳዴ ወዲህ ትከሻዋ እንዲህ ቀሏት አያውቅም።