በሚጡ ክንድ

ባለፈው ቅዳሜ ፓሳዴና ያለውን ቤቴን ሳጸዳ የእግሬ አውራ ጣት ከበር ማስደገፊያዋ እንጨት ጋር ተላተመና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቁጭ ብዬ ጣቴን ሳሽ ልጄ መጣችና ግማሽ ጥርሱ የወለቀ አፍ የሚመስለውን እንጨት በጫማዋ ገፋ እያደረገች፣ "ማሚ፣ ይሄ ትራሽ ነው አይደል? ልጣለው?" አለችኝ። ቆጣ ብዬ ወሰድኩባት። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ያ የጣውላና የኮላ ሽታ ከስንጥቁ ውስጥ ብቅ አለ፤ እኔም ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ የነበረው ጋራዣችን ውስጥ ገባሁ።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው፤ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ በነበረ አፓርትመንት አባዬ፣ እማዬና እኔ መኝታ ቤቱን ስንጋራ፣ የአባዬ አብሮ አደግ ጋሼ ወልዴ ሳሎኑን ከነሶፋው ይዞት ነበር። አባዬ ቀን ቀን ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ ጋሼ ወልዴ ሌሊት ታክሲ ድራይቭ ያደርጋል፤ ስለዚህ የሚገናኙት በር ላይ ነው፣ አንዱ ጫማውን ሲያስር ሌላው ሲፈታ። እንደዚያም ሆኖ ሥራ አብረው ሊጀምሩ ቆረጡ። በሰፈሩ የኛ ሰዎች የሚከፍቷቸው ምግብ ቤቶች ወንበራቸው ሁሉ አሮጌና የሚወዛወዝ ነበርና፣ ወንበር ጠጋኝ እንሁን ተባባሉ። ሁለቱም አናጢ አልነበሩም። አባዬ አገር ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ጋሼ ወልዴ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ እማዬ ይህን ስታስታውሳቸው እንዳልሰማ ይሆናሉ።

አናጢ ለመሆን መጀመሪያ የአናጢ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ከፈረሰ መጋዘን ጣውላ ገዙና በጎኑ እያቆሙ፣ ኮላ እየቀቡ፣ በብረት እየጠፈነጉ አንዱን ከአንዱ ማጣበቅ ያዙ፤ ውፍረቱ የዚያን ጊዜው የስልክ ማውጫ ሁለቱ ተደራርቦ ነው። ርዝመቱን በር ላይ ተስማምተዋል፦ አራት ክንድ ከስንዝር። በኢንች የተሸነሸነውን የፈረንጅ ሜትር ሁለቱም አያምኑትም ነበር። አባዬ ጠዋት ሥራ ሳይሄድ አንድ ጣውላ በክንዱ ለክቶ ይቆርጥና ያጣብቃል፤ ጋሼ ወልዴም ማታ ታክሲውን ሳያስነሳ በበኩሉ አንድ። ችግሩ አባዬ አጭር ሰው ነው፤ ጋሼ ወልዴ ደግሞ ቆሞ ጉልበቱን የሚያክ።

ጠረጴዛው ከቀን ወደ ቀን በሁለቱም ጫፍ ጥርስ አወጣ፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ እንደገና አንድ ረጅም። ሁለቱም አይተዋል። ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። አባዬ ለእማዬ በሹክሹክታ "ወልዴ ልኩን ስቶታል፤ እንግዳችን ነው፣ እንዴት ብዬ ልንገረው?" ይላል። ጋሼ ወልዴ ከትምህርት ቤት ሲያመጣኝ "አባትሽ ጣውላውን እያሳጠረው ነው፤ ቤቱ የሱ ነው፣ ምን ይባላል?" ይለኛል። እያንዳንዱም ሌላው አይቶ ይታረማል ብሎ የራሱን ትክክለኛ ጣውላ ይጨምርበታል።

ጠረጴዛው አልቆ ሁለቱም ሥራ ባልገቡበት እሁድ ጋራዡ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኙ። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ትክክለኛው የማን ክንድ ነው ተባለ። ከዚያ የጣውላው ነገር ተረሳና ማን ለማን ምን እንደዋለ፣ ማን በማን ሶፋ ላይ እንደሚተኛ ተነሣ፤ አባዬ ዕድሜ ልኩን አንተ ሲለው የኖረውን ሰው "እርስዎ እንዳሉ ይሁን" አለው። ጋሼ ወልዴ ወጥቶ ሻንጣውን ይዞ ወረደ። ጋርዴና ያለ ዘመዱ ክፍል አለኝ ብሎት ነበር፤ እዚያ ሊሄድ ነው። ይሄ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ፣ ሳይተኛ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ፣ የተሳፋሪዎቹን አነጋገር እየቀዳ በሳቅ የሚያፈርሰኝ ሰው ነው። እሱ ከሄደ ቤታችን ሥራ የሚሄዱበትና የሚተኙበት ብቻ ሊሆን ነው። አለቀስኩ፤ ዝም በይ ስባልም አልተውኩ።

እማዬ ከፎቅ ወርዳ ለቅሶዬንም፣ ሻንጣውንም፣ ጠረጴዛውንም አየች። "ኦኬ" አለች፤ ከእንግሊዝኛ ሁሉ አጥብቃ የያዘችው እሱን ነበር። "የናንተ ክንድ ካጣላችሁ በሚጡ ክንድ ለኩት።"

አባዬ እርሳስ አነሣ። ጣውላው ላይ ክንዴን አስተኛሁ፤ አባዬ ጣቴን ይዞ ጫፉ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ጋሼ ወልዴ ደግሞ እንዳላጭበረብር ክርኔን ይዞ ምልክቱ ላይ ያሳርፈዋል። አምስት የሚጡ ክንድ ሲሞላ መስመሩ ከአጭሩም ጣውላ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሁለቱም ከሰሩ።

መቁረጡ ሌላ ጣጣ ነበር። የተዋሱት የኤሌክትሪክ መጋዝ ከውፍረቱ ግማሹን እንኳ አልደረሰም፤ ገልብጦ ከሥር መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ያንን ክብደት ደግሞ አንድ ሰው አይገለብጠውም። አባዬ ለብቻው ታገለ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ጋሼ ወልዴ ሻንጣው አጠገብ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ አባዬ ቀና ሳይል "ወልዴ፣ ና ያዝ እንጂ" አለ። መጣ። ከላይም ከሥርም ቆርጠው፣ መሐል ላይ የቀረችውን በእጅ መጋዝ ተራ በተራ እየሳቡ ጨረሷት፤ ሁለተኛው ጫፍ ከነጥርሱ ዱብ ሲል ሰጋቱራው ሁለቱንም አሸብቷቸው ነበር። ሻንጣውን ወደ ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ወልዴ እስኪያገባ ድረስ ሶፋው ላይ ቆየ። ጠጋኝነቱ ብዙም አልዘለቀም፤ የጠገኑት ወንበር ከበፊቱ ይበልጥ ይወዛወዛል ተብለው ይታሙ ነበር። ጠረጴዛው ግን ፍንክች አይልም። ቤቱን ስንለቅ የምናኖርበት ጠፍቶ እዚያው ቀረ፤ ሕንፃውም በኋላ ፈረሰ። ከተቆረጡት ጫፎች አንዱን ጋሼ ወልዴ ወሰደ፣ ይቺ በር የማስደግፍባት የኛ ናት። መጀመሪያ እሱ አረፈ፤ አባዬም ቀብሩ ላይ እንደ ልጅ አልቅሶ ብዙ ሳይቆይ ተከተለው።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ "ሶ፣ ጠረጴዛው ስንት ኢንች ነበር?" አለችኝ። ክንዴን ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፤ የትልቅ ሴት ክንድ ነው፣ ምንም አይነግራትም። የዚያችን ልጅ ክንድ ልክ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ጣቴን፣ አንዱ ክርኔን ይዘው የለኩኝ። ሁለቱም የሉም።