ክሬማ ካታላናን ፍለጋ አምቦ ድረስ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ አስኮ

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሳ ጭጋጉ ገና አልተገለጠም። ጭኔ ላይ ቀረፋ፣ ሎሚና እንቁላል ይዣለሁ። ኬክ ጋጋሪ ነኝ። ወተትና የእንቁላል አስኳል አብረው በስለው ከላያቸው ስኳር የሚቃጠልበትን የስፔን ጣፋጭ፣ ክሬማ ካታላናን፣ ከስልክ ቪዲዮ ለመማር ብዙ ደክሜያለሁ፤ ሁልጊዜ እንደ አይብ ይበጣጠስብኛል። ተስፋ ስቆርጥ አባቴ፣ «እሱንማ አዴ ጫልቱ ድሮ ይሠሩት ነበር» አለኝ። አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው፤ አባቴ አምቦ ሲያስተምር ጎረቤቱ ነበሩ፤ ጉደር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከስፔናዊት መነኩሲት ጋር ለበሽተኞች ያበስሉ ነበር።

2 ሰዓት፣ ጊንጪ

ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ፣ መንገድ ዳር የድንች ክምር፣ ጭድ የጫኑ አህዮች። ሾፌሩ ለሻይ ቆመና እንቁላሌን አይቶ አምቦ እንቁላል ጠፍቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሁለቱ ተሰብረው ነበርና አልተከራከርኩትም።

3 ሰዓት ተኩል፣ አምቦ

ባጃጁ ደጃፋቸው አወረደኝ። አዴ ጫልቱ «ባጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ» ብለው አቀፉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክሬማውን ከተዉት ዓመታት ስላለፉ ዛሬ እንደማይሞክሩት አስቀድመው ነገሩኝ። ቅር እያለኝ ወተቱን ከሎሚ ልጣጭና ከቀረፋ ጋር ብቻዬን ጣድኩ። ሽታው ሲነሳ ግን ብድግ ብለው መጥተው ማማሰያውን ከእጄ ወሰዱ።

እያማሰሉ መነሻውን አወጉኝ። መነኩሲቷ እንደነገረቻቸው፣ ድሮ በስፔን ካታሎኒያ አንድ ጳጳስ ገዳም ሊጎበኝ ይመጣል። መነኩሲቶቹ ያዘጋጁለት ጣፋጭ አልረጋ ይላል። በድንጋጤ ዱቄት ጨመሩበት፣ ከላዩም የጋለ ስኳር አፈሰሱበት። ጳጳሱ ቸኩሎ ሲጎርስ ምላሱን ለበለበውና «ክሬማ!» ብሎ ጮኸ፤ በአገሩ ቋንቋ ያቃጥላል ማለት ነው። ስሙ በዚያው ቀረ።

እውነት ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ። አንቺ ግን ዱቄቱን ታደርጊበታለሽ?»

አላደርግበትም ነበር።

ለዱቄቱ ብለው ከጓዳ ያመጡትን የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ወተት በጥብጠው ከአስኳሉ ጋር ጨመሩ። ወፈረ፤ አልተበጣጠሰም። ሲቀዘቅዝ ስኳር ነስንሰን ከሰል ላይ የጋለ ብረት አስነካነው። ጢስ፣ ጭስስ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ እንደ መስታወት የጠነከረ ቡናማ ገጽ። አዴ ጫልቱ በማንኪያ ጀርባ መታ መታ አድርገው አዳመጡት። ሲቀምሱ ፊታቸው በራ። «ሚያዋ» አሉ፤ ይጣፍጣል ማለታቸው ነው። ወዲያው ጎረቤቶቻቸውን አስጠሩ፤ ግቢው በሳቅ ሞላ።

9 ሰዓት፣ መልስ

ለአባቴ አንድ ሳህን ተልኮለታል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ነርስ ሽታው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና አቀመስኳት። የጳጳሱን ታሪክ ልነግራት ስጀምር አቋርጣኝ የራሷን ነገረችኝ። ልጅ ሆና ጉደር ክሊኒክ ተኝታ ምግብ እምቢ ስትል፣ አንዲት ሴት አልጋዋ ላይ ተቀምጠው ይህንኑ ያጎርሷት ነበር። ስማቸውን እስከ ዛሬ አታውቅም።

«አዴ ጫልቱ ናቸው» አልኳት። «አምቦ አሉ።»

ቤታቸውን በደንብ አስረዳኋት። ጊንጪ ስንደርስ ቦርሳዋን አንስታ ወረደች። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ወደ አምቦ የሚመለስ መኪና እያስቆመች፣ እየሳቀች እጇን አውለበለበችልኝ።

አመሻሽ፣ ቤት

አባቴ የጎደለውን ሳህን ተቀብሎ ማን እንደበላው ጠየቀኝ። ሁሉንም አወራሁለት። አንዴ ጎረሰና ቀና ብሎ አየኝ።

«ታዲያ ሙሉውን አትሰጫትም ነበር?»