ለጎማ የተላኩ ሽማግሌዎች

የአባቴን መኪና ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማያውቃት የለም። የጣሊያን ስሪት፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ ከመሬት የማይርቅ የስፖርት መኪና ናት። አባቴ በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ አለቃቸው የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጠላቸው። ቀይ ቀለሟ ፀሐይ ላይ የሰነበተ በርበሬ መስሏል፤ የከተማው ሰውም "በርበሬዋ" ይላታል። የኋላ ወንበር አላት ይባላል እንጂ ከአንድ ዘንቢል በቀር የሚቀመጥበት የለም። ስለዚህ መኪናዋ የሁለት ሰው ነበረች፤ የአባቴና የእናቴ። እኔ ልጃቸው ሆኜ እንኳ የፊቱን ወንበር ያገኘሁት ስታመም ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ቡሬ ይሄዱ ነበር። እናቴ ቡሬ ገበያ የምትገዛው ነገር ኖሯት አልነበረም፤ መንገዱን ወዳው ነው። እሷ ካረፈች በኋላም አባቴ የቅዳሜውን መንገድ አልተዉትም። ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ምንም ሳይገዙ ይመለሳሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ተመልሰው ሲገቡ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ የበቆሎ ቅጠል ተሰክቶ አየሁ። አስፋልት ላይ በቆሎ አይበቅልም።

"አባዬ፣ ይኸ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ቅጠል ነዋ" ብለውኝ ገቡ።

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ጥርሳቸው አላለቀም፤ መኪናዋ ከቡሬ ሌላ የት ትሄድና ያልቃል? ጎናቸው ግን እንደ በጋ ተረከዝ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ ጥፍሬን ስሰደው ይገባል። ጎማ ተነድቶ ብቻ ሳይሆን ቆሞም ያረጃል። ኋላ እንደሰማሁት፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ፣ ዝናብ ላይ በመንገዱ ያለችውን ማንኩሳ ከተማን አለፍ ሲሉ አንሸራቶ የሰው ማሳ ውስጥ ከቷቸዋል። ይቀየር ስላቸው፦

"እኔን አድርሶ ይበቃዋል" አሉ።

ይቺን አነጋገር አውቃታለሁ። ጫማ ልግዛልዎት ስላቸው ያችው ናት፤ የጓዳው ቆርቆሮ ያፈሳል ስላቸውም ያችው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ወደ ቤታችን አዲስ ነገር አላስገቡም። ያስፈራኝም ይኸ ነው። መኖር ሰልችቷቸው፣ አንዱን ቅዳሜ መንገዱ ይዟቸው እንዲሄድ የሚጠብቁ መሰለኝ። ይህንን ለማንም ለመናገር አፌ አልደፈረም።

ለመንኳቸው፤ ተቆጣኋቸው፤ ቁልፉን ደበቅሁ። ቁልፉን በደበቅሁ ጊዜ አኩርፈው እህል አልቀምስ ስላሉ መለስኩላቸው። በመጨረሻ በእኛ አገር ሰው ሰውን መርታት ሲያቅተው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁ።

ሽማግሌ ሲላክ ሦስት መሆን ደንብ ነው። አንደኛው የንስሐ አባታቸው የሆኑት ቄስ ናቸው። ሁለተኛው ቡሬ ላይ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ ሐጂ፣ ከመንገድ ሥራው ዘመን ጀምሮ የአባቴ ወዳጅ። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ ፖሊስ ጎረቤታችን ሲሆኑ፣ እሳቸውን የጠራኋቸው ቁጥሩ እንዲሞላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም ልብሳቸውን አሳምረው መጡና ሳሎኑ መሐል ቆሙ። አባቴ አረፍ በሉ ቢሏቸው፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ቄሱ።

አባቴ ሦስቱን አዩ፤ ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩ። ፊታቸው በራ። እኔ ባሏን ከፈታች ብዙ ዓመት የሆናት፣ ሃምሳን የምትጎረብት ሴት ነኝ።

"መልካም፤ የማን ልጅ ነው የላካችሁ?" አሉ አባቴ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ፖሊሱ ሳላቸው መጣ። ሐጂው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

"እሷን ልንጠይቅ አይደለም" አሉ ቄሱ እየተጨነቁ፤ "ስለ መኪናዋ ጎማ ነው የመጣነው።"

የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ እንባቸውን እስኪያመጣው ድረስ ሳቁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ለዚህስ ከሆነ በየሳምንቱ ቢያሳፍሩኝ ግድ የለኝም አልኩ በልቤ።

ሳቃቸው ሲበርድ ግን መልሳቸው ሌላ ሆነ።

"ጎማ የሚቀይር እኮ መንገድ ያሰበ ሰው ነው" አሉ። "እኔ የት ልሄድ ብዬ?"

የፈራሁትን ነገር ራሳቸው ተናገሩት። ቄሱ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

"የት እንደሚሄዱማ እግዜር ያውቃል" አሉ። "ቀኑንም ይቁረጠው እሱ፤ እርስዎ በአሮጌ ጎማ አይቁረጡለት። በዚህ ጎማ ማንኩሳን ቢያልፉ ግን ንስሐዎን የሚቀበል ሌላ ቄስ ይፈልጉ፤ እኔ የለሁበትም።"

"እኔ ሽማግሌም ነጋዴም ሆኜ ስለቆምኩ ዝም ብል ይሻላል" አሉ ሐጂው። "ከሌላ ሱቅ ቢገዙም አልቀየምዎ።"

አባቴ ጥቂት አቀረቀሩና፣ "በአንድ ምልልስ ሴት ልጅ አትሰጥም" አሉ። "ልምከርበት። ቅዳሜ ቡሬ ሐጂ ጋ መጥቼ መልሱን እሰጣችኋለሁ። አሁን ተቀመጡ።"

ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ተቀመጡ፤ ጠላው፣ ለሐጂውም ሻይ ቀረበ።

በዚያ ሳምንት አባቴ ሲመሽ ሲመሽ ግቢው ላይ በቆመችው መኪና ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ሞተር አያስነሱም። መሪውን ይዘው፣ በእናቴ በኩል ያለውን በር ከፍተው ይቀመጣሉ። ከማን ጋር እንደሚመክሩ ስለገባኝ ራት ቀርቧል ብዬ አልጠራኋቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የቄሱን ቃል ላለማፍረስ፣ በርበሬዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን፣ አራቱንም እግሯን ፈትተን ሚኒባስ ላይ ጫንን። ቡሬ ስንደርስ ሐጂው ሱቃቸው በር ላይ ቆመው እየጠበቁን ነበር። ጎማ አወጡ። አንደኛው ዓይነት ሰፊና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጎረምሶች የሚወዱት። ሐጂው ራሳቸው፣ "መሪውን ሲያዞሩ ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ይነካል፤ ክንድዎንም ይጨርሰዋል" ብለው ወደ ጎን አደረጉት። ሁለተኛው ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ ነው፤ ይነዳል፣ ግን ብዙ አይከርምም። ሦስተኛው አዲስ፣ ጠበብ ያለ፣ ምንም መልክ የሌለው፣ የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ትናንሽ ታክሲዎች የሚያደርጉት ዓይነት ነው። ልኩ የበርበሬዋ ልክ ነው።

አባቴ ቀጥ ብለው ያገለገለው ላይ እጃቸውን ጫኑ።

"ለእኔ ይኸ ይበቃል" አሉ።

ልናገር አፌን ስከፍት ሐጂው በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ነገር የሚያበላሸው የእኔ ችኮላ መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ።

አባቴ እጃቸውን ከጎማው ላይ ቶሎ አላነሱም። ከዚያ እየተቸገሩ ቁጢጥ አሉና አዲሱን ጎማ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። አሸተቱትም። የመንገድ ሥራ ሰው ሁሉን ነገር ያሸታል።

"ይኸኛው ስንት ዘመን ይቆያል?" አሉ።

"ፀሐይ ላይ ካልተዉት ስድስት ዓመት አያሳስብዎትም" አሉ ሐጂው።

"ስድስት" አሉ አባቴ። ቃሏን እንደ ገብስ ቆሎ በአፋቸው አላመጧት። "በሉ እንግዲህ፤ ይኸን አድርጉልኝ።"

እፎይ አልሁ። ከበቆሎው ቅጠል ጀምሮ ደረቴ ላይ የተጫነኝ ነገር ወረደልኝ። የሱቁ ጎማ ሠሪ፣ ጎሚስታው፣ አሮጌዎቹን ከቸርኬው ብረት ሲያላቅቅ አባቴ ቆመው አዩ። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ጫማ የሚሠራ ሰው መጥቶ ጎማዎቹን ሲለምናቸው፣ "ውሰዳቸው፤ ሌላ ሰው ይራመድባቸው" አሉት። አዲሶቹ ገብተው፣ ተነፍተው፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታሰሩ። አለቀ ብዬ ሐጂውን ልሰናበት እጄን ዘረጋሁ።

"ስኮርታውስ?" አሉ አባቴ፤ ትርፉን ጎማ ማለታቸው ነው።

"ስኮርታው ቤት አይደል ያለው?" አልኳቸው። "መኪናዋ ውስጥ ነው።"

"እሱም አሮጌ ነው።"

"ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ግድ የለም፤ ይበቃዎታል" አሉ ሐጂው። "በየመንገዱ ጎሚስታ አለ።"

"ሽንዲ ለመሄድስ?" አሉ አባቴ። "እዚያ ያለችውን የባለቤቴን እህት ከለቅሶው ወዲህ አላየኋትም። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ያለ ስኮርታ አይኬድም።"

ሐጂው አንድ አዲስ ጎማ ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ፤ አባቴ አዩኝ።

ስንመለስ አባቴ አምስተኛውን ጎማ ጣሪያ ላይ አላስጫንም ብለው ጭናቸው ላይ አቀፉት። ማንኩሳን ስናልፍ በመስኮቱ ወደ በቆሎው ማሳ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጎማውን ላንቺም ብዬ ነው የገዛሁት" አሉ። "ሽንዲ ስንሄድ ፊት ነው የምትቀመጪው።"