«ልጅ ነህ፣ ብላ»

ከቡሬ የተነሣነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ እናታችን ግን ለወንድሜ ለይበልጣል እንቁላል ቀቅላ፣ በጨርቅ ቋጥራ መነኸሪያ ድረስ መጣች። ይበልጣል ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በልጅነቱ ድቁና ስለተቀበለ በጾም እንቁላል መያዙ አሳፍሮት ቋጠሮውን ጋቢው ውስጥ ሸሸገው።

«ልጅ ነህ፣ ብላ» አለችው። «እግዜር ከበሽተኛ ጾም አይጠይቅም። ጾሙን ስታድግ ትደርስበታለህ።»

ይህን ቃሏን ያዙልኝ።

መቼም አስተማሪ ነኝና በሽታውን ላስረዳ። ክሮንስ ይባላል። አንጀት ያለ ትል፣ ያለ አሜባ ይቆስላል፣ ይደማል። በየቀኑ በሚዋጥ መድኃኒት ጋብ ይላል እንጂ አይነቀልም። አገር ቤት ሳለን ስንቱን የአሜባ ኪኒን ዋጠ፣ ስንቱን ጸበል ጠጣ። በሽታው ስም ሲያገኝ ደግሞ መድኃኒቱ ጠፋ። የማስተምርበት ትምህርት ቤትም ተዘግቶ ነበርና በዘመድ በኩል የጀርመን ቪዛ ስናገኝ ተነሣን።

መንገድ ላይ ሆዱ አላስቀምጥ አለው። ረዳቱ ተማረረ። «አስተማሪዋ፣ ጅጋ ላይ አቆምን፣ ደምበጫ ላይ አቆምን፤ በዚህ አያያዝ አዲስ አበባ የምንገባው ለፋሲካ ነው!»

«ለፋሲካ እንግባ፣ ምን አለበት!» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «ሆድ ሲጠራ ቆይ ይባላል?»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ ይበልጣልም ሳቀ።

ጀርመን ስንገባ ሳቁ ቀረ። ፀሐይዋ ትታያለች እንጂ አትሞቅም፤ ሰዉም እንደ ፀሐይዋ ነው። አከራያችን አንድ ቀን በር አንኳኩታ፣ «ወንድምሽ ሽንት ቤት ገብቶ ምን ያጠናል?» አለችኝ።

«ታሞ ነው።»

«ይታመም። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ውሃ መልቀቅ ክልክል ነው።»

ያን ጊዜ የጓሯችን ባሕር ዛፍ ውል አለኝ። ባሕር ዛፍ ሰዓት አይጠይቅም።

የልጆች ሆስፒታሉ ግን ቤታችን ሆነ። ሳቢነ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ተርሚን ካለፈን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ራሷ ትደውላለች። ዐሥራ ሰባት ሲሞላው ወደ አዋቂዎች ሆስፒታል ለሚሻገርበት ቀን ታዘጋጀው ጀመር። መጀመሪያ ያረመችው ግን እኔን ነው። በእኛ አገር የታመመ ሰው ስለ ሆዱ አይናገርም፤ ታላቁ ይናገርለታል። ሳቢነ፣ «አንቺ አትመልሺለት፣ እሱ ይመልስ» አለችኝ። እኔም እቤት ሐኪም እየሆንኩ አለማመድኩት።

«መድኃኒትህን ብትተወው ምን ይሆናል?»

«አንጀቴ ይቆስላል፣ ይደማል፣ ይጠብባል» ይለኛል፣ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ።

ዐሥራ ስምንት ሞላውና ተሻገረ። አዲሱ ሐኪም እሱን ጨበጠው፤ ለእኔ በሩን ከፈተልኝና፣ «እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» አለኝ። ለይበልጣልም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ለሰውነትህ ኃላፊው አንተ ነህ፤ አድገሃል» አለው። ሐኪሙ ስለ ኪኒን ነበር የሚያወራው። የጎጃም ልጅ ግን አድገሃል ሲባል ምን ይሰማል? እንግዲህ ጹም ነው የሚሰማው።

በከተማዋ ወገኖቻችን በተዋሱት ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳሉ። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ አንድ ዲያቆን ይጎድላል። ያን ዐቢይ ጾም ይበልጣል ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ገባ። ዲያቆን እስኪቀድስ ድረስ አፉ ውሃም አይነካ፣ ኪኒንም አይነካ። መጀመሪያ የጠዋቱ መድኃኒት ቀረ፤ እያደር የማታውም ቀረ። እኔ ይህን አላወቅሁም። ድምፁን በስልክ ለእናታችን ሳሰማት እልልታዋ ጆሮዬን አደነቆረኝ።

ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲለው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይለዋል። በእኛ ዘንድ ይህ ምስጋና ነው፤ የሆድ ወሬ አይደለም። ሐኪሙ ደኅና ነው ብሎ ያሰናብተዋል። ከሳ፤ በጾም የማይከሳ ማን አለ? መነሣት ሲያቅተው ግን ደነገጥኩና ወደ አዲሱ ሆስፒታል ደወልኩ።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ ስልክ ያነሣችው።

«ዐሥራ ስምንት።»

«እንግዲያው እሱ ይደውል።»

«እኮ ታሞ ተኝቷል!»

«ሲነቃ ይደውል።»

ሳይደውል በአምቡላንስ ተወሰደ። ከአንጀቱ ቆርጠው ጣሉ፤ ሰገራው የሚወርድበት ከረጢት ሆዱ ላይ ገጠሙለት።

ቄሱ ሊጠይቁት መጡ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ለምን አልነገርኸኝም ልጄ? ከጾሙ እፈታህ ነበር እኮ» አሉት።

«አድጌያለሁ ብዬ ነው፣ አባቴ።»

ብርድ ልብሱን ሳብ አድርገው አለበሱት።

«አሁንስ በዚህ ከረጢት መቅደስ መግባት እችላለሁ?»

ቄሱ በመስቀላቸው ዳበሱት። «አባቶችን ልጠይቅልህ» አሉ። እስካሁን እየጠየቁለት ነው።

ከሆስፒታል የወጣው ለፋሲካ ዋዜማ ነው። በማግስቱ ጠዋት እንቁላል ቀቅዬ አቀረብኩለት። ስልኩ ጮኸ፤ እናታችን ናት። በዓሉን ስታለቅስ እንዳትውል ብዬ ምንም አልነገርኳትም ነበር።

«እንኳን አደረሳችሁ! ጾሙን ጨረሰልኝ? ሌሊት ቀደሰ?»

እንደ ለመደብኝ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ይበልጣል እጁን ዘረጋ። ስልኩን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ጓዳ ገባና በሩን ዘጋው። እኔም እንደ ሆስፒታሉ ከውጭ ተቀመጥኩ። «እናቴ፣ ሆዴን ልንገርሽ» ሲላት ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፤ በመጨረሻም ጠፋ፤ ስልኩ ግን እንዳልተዘጋ አውቃለሁ።

ሲወጣ ምን እንዳለችው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ተቀምጦ እንቁላሉን ላጠው። ልጦ ሲጨርስ አየው፣ አየውና «ያልጨረስኩትን ጾም ምኑን እፈታለሁ?» ብሎ ሳይበላው መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።