ሞጣ ማን ያውቀናል

እኔ የተማሪ ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደሉን ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለይቼ፣ ንባቡን ከቆዩ ጋዜጦች ለምጄ፣ ዛሬ ቢቸና ውስጥ ከክኒን ጋር የምትመጣውን ወረቀት ለሰፈሩ የማነብ እኔ ነኝ። ስለዚህ አብራኝ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ተገዳ ማርገዟን ስትነግረኝ ሰው ማማከር አላሻኝም።

«አልወልደውም፤ ካልሆነ ሥር ቀቅዬ እጠጣለሁ» አለችኝ።

ሥር ጠጥታ የሞተች ሴት ቀብሬ ስለማውቅ ደነገጥኩ። እንዲህ ለደረሰባት ሴት ሕጉ እንደሚፈቅድ፣ ጤና ጣቢያም በክኒን እንደሚያስወርዱ በሬድዮ ሰምቼ ነበር።

የቢቸናው ጤና ጣቢያ ለቤታችን ቅርብ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ከዚያ ሲወጣ ከታየ፣ ጎረቤት ሁሉ ምግብ ይዞ «እግዜር ይማርህ» ሊል ይመጣል፤ ሕመሙን ሳያጣራም አይነሳም። እኔ ግን ዘዴ አላጣም።

«ሞጣ እንሂድ፤ እዚያ ማን ያውቀናል» አልኳት። ግንደወይንን እስክናልፍ በብልሃቴ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ተጓዝኩ።

ሞጣ ጤና ጣቢያ አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣለች። ቀና ስትል ከእኛ ጋር በአጥር የምትዋሰነው ጎረቤታችን ናት።

«ጋሼ፣ ምነው በደኅና?»

«ዓይኔን ልታይ ነው። አንቺስ?»

«እኔም ጥርሴን።»

የወንድሜ ልጅ አንገቷን ደፋች። በዚህ መሐል ነርሷ ጠራችን። ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግራ፣ መርምራ ስታበቃ እኔንም አስገባችኝ።

«ከቢቸና ድረስ ምን አለፋችሁ? እዚያም እኮ አለ። የሞጣ ሰው እናንተ ጋ ነው የሚሄደው» ብላ ሳቀች።

እኔ ኦፕራሲዮን ነበር የጠበቅኩት። «ቢላ የለም?»

«የለም አባቴ። ይቺን ክኒን እዚሁ ትውጣለች። እነዚህን ደግሞ ነገ ቤቷ ሆና ምላሷ ሥር ታሟሟቸዋለች። ቁርጠትና ደም ይኖራል። ደሙ ከበዛ ወይ ትኩሳት ከያዛት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ።»

«ለምን ምላስ ሥር? የመጀመሪያዋስ ምን ሠርታ ነው ሁለተኛዎቹ የሚከተሉት?»

የመጀመሪያዋ እርግዝናውን እንደምታቆም፣ ሌሎቹ ማህፀኑን እንደሚያኮማትሩ ነገረችኝ። ሌላ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «አባቴ፣ ወረፋ አለ» አለችኝ።

በማግስቱ ልጅቷ ቁርጠት ይዟት ተኛች። ሰፈሩም አጣራ መሰል፣ ሰሐን የያዘ መምጣት ጀመረ። ወጥቼ ባይ ያቺ ጎረቤታችን በርጩማዋን በራችን ላይ አድርጋ ጥጥ ትፈትላለች።

«ብርድ መቷት ነው፤ አሁን ገና እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። አታስነሷት» እያለች ሰሐኑን እየተቀበለች ሁሉንም ከደጅ መለሰች።

«ዓይንዎ እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ደኅና ነው። ጥርስሽስ?»

«ደኅና ነው።»

ሲመሽ ልጅቷ ራሷ ተነስታ እህል ጠየቀች። ከቀረበልን ምግብ መርጣ በላች።

ሁሉን መርምሬ የማውቅ ሰው፣ ያቺ ሴት ሞጣ ምን እንዳመጣት እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ አልጠየቅኳትምም። ሞጣን በመምረጤ ግን ልክ ነበርኩ። የቢቸናው ጤና ጣቢያ ሄደን ቢሆን በራችንን ማን ይጠብቅልን ነበር?